ላፕቶፑ ዋይፋይ አልይዝ ሲል፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ላፕቶፕ ዋይፋይ አልይዝ ሲል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ፎርማት ማስደረግን ነው። ፎርማት አንዳንዴ ይሠራል። ግን ባክአፕ ካልተያዘ ፋይሉን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የመመረቂያ ጽሑፉን እየጨረሰ ላለ ተማሪ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ያውም ችግሩ አንዲት ቁልፍ በመጫን የሚፈታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንዳለ እንለይ። የምነግራችሁ ዊንዶውስ 10 እና 11ን ይዤ ነው።

1. ራውተሩ ነው ወይስ ላፕቶፑ?

ስልካችሁን ከዚያው ዋይፋይ ጋር አገናኙ። ስልኩም ኢንተርኔት ካላገኘ ላፕቶፑን አትነካኩት። ራውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁና መልሳችሁ ሰኩት። በተለይ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ይሄው ብቻ ነው።

ስልኩ ከሠራ ደግሞ የስልኩን ሆትስፖት አብሩና ላፕቶፑን ከሱ ጋር አገናኙ። ከያዘ አዳፕተሩ፣ ማለትም ዋይፋይ የሚቀበለው የላፕቶፑ ክፍል፣ ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ በቀጥታ ወደ 4ኛው ሂዱ። ከሆትስፖቱም ጋር እምቢ ካለ ቀጥሉ።

2. ጠፍቶ እንዳይሆን

የአውሮፕላን ወይም የአንቴና ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ኪቦርዱ ላይ ፈልጉ። በብዙ ኤችፒዎች ኤፍ 12 ላይ ነው። ለብቻው ወይም ከኤፍኤን ጋር ተጫኑት። አንዳንድ የድሮ ላፕቶፖች በጎናቸው የሚንሸራተት ማብሪያ አላቸው፤ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ሳይታወቅ ይጠፋል።

3. ዲቫይስ ማናጀር

ዋናው ምርመራ እዚህ ነው። የስታርት ምልክቱን ራይት ክሊክ አድርጉና ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። ኔትወርክ አዳፕተርስ የሚለውን ዘርጉ። ዋየርለስ ወይም ዋይፋይ የሚል ስም ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፊቱ ኢንቴል፣ ሪልቴክ፣ ሚዲያቴክ ወይም ኳልኮም የሚል አለበት።

ስሙ ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ካለ አዳፕተሩ ተዘግቷል። ራይት ክሊክ፣ ኢኔብል። በቃ።

ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ ከድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስን ከአዳፕተሩ ጋር ከሚያግባባው ፕሮግራም ጋር ነው። ራይት ክሊክ አድርጉና አንኢንስቶል ዲቫይስ በሉት። ድራይቨሩንም ላጥፋ ብሎ የሚጠይቃችሁን ሳጥን ምልክት አታድርጉበት። ከዚያ ሪስታርት። ዊንዶውስ አዳፕተሩን እንደ አዲስ አግኝቶ ይጭነዋል። ችግሩ የጀመረው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ ደግሞ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ድራይቨር የሚለውን ታብ ክፈቱና ሮል ባክ ድራይቨርን ተጫኑ። ቁልፉ ደብዝዞ ከታየ የሚመለስበት የድሮ ድራይቨር አልተቀመጠም።

አዲስ ድራይቨር ካስፈለገ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ በሞዴል ቁጥሩ ፈልጋችሁ አውርዱ። ድራይቨር እናድሳለን የሚሉ ነፃ ፕሮግራሞችን ባትነኳቸው ይሻላል፤ ይዘውት የሚመጡት ጣጣ ይበዛል። «ኢንተርኔት ሳይኖር በምን ላውርድ?» ትሉ ይሆናል። ስልካችሁን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና ከሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢ ቴዘሪንግን አብሩ። አንድሮይድ ከሆነ ላፕቶፑ እንደ ኬብል ኢንተርኔት ይቆጥረዋል። ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ ግን አይሠራም። ዳታውን ድራይቨሩ ሳይሆን የዊንዶውስ አፕዴት እንዳይበላው ፓኬጃችሁን ጠብቁ።

አዳፕተሩ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከሌለስ? ላፕቶፑን ዝጉ። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወልቅ ከሆነም አውልቁት። ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ይሄ ውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጣል፤ የደነዘዘ ካርድ በዚህ ብቻ ሲመለስ ይገኛል። ካልተመለሰ የዋይፋይ ካርዱ (አዳፕተሩ ራሱ) ከቦታው ላልቶ ወይም ሞቶ ሊሆን ይችላል። በብዙ ላፕቶፖች ካርዱ በአንድ ቡለን የታሰረ ትንሽ ነገር ነው፤ ሁለት ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎች ተሰክተውበታል። ሽቦዎቹ ከወለቁ ላፕቶፑ ዋይፋይ የሚይዘው ራውተሩ አጠገብ ሲሆን ብቻ ነው። ጠጋኝ ጋ ስትሄዱ «ፎርማት አድርግልኝ» ሳይሆን «የዋይፋይ ካርዱንና ሽቦዎቹን እይልኝ» በሉት።

4. ስልክ የሚያየውን ዋይፋይ ላፕቶፑ ካላየው

ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከአሜሪካ የመጣ ላፕቶፕ ዋይፋይ ከሚጠቀምባቸው ሞገዶች በአንዱ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ፣ ቻናል (የሞገዱ ክፍልፋይ) 12 እና 13ን ላያይ ይችላል፤ እዚያ አገር የተለመዱት እስከ 11 ያሉት ናቸው። ራውተሩ በራሱ ጊዜ 13ን ከመረጠ ዋይፋዩ ለዚያ ላፕቶፕ የለም ማለት ነው። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አድርጉት። ዘመድ ላፕቶፕ ከላከላችሁ መጀመሪያ ይሄን ጠርጥሩ።

ሌላው 5 ጊጋኸርዝ ነው። ፈጣን ነው፤ ግን ግድግዳ አይወድም። የድሮ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አያየውም። ጣሊያን በሠራቸው የጎንደር ፒያሳ ሕንፃዎች ወይም በድንጋይ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ 2.4ን ምረጡ።

5. ይይዛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም

ዋይፋዩን ፎርጌት አድርጉና ፓስወርዱን እንደገና አስገቡ። የአይፒ አድራሻው (ላፕቶፑ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ላፕቶፑ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም። ቢሮ ውስጥ በእጅ የተሞላ አይፒ እንዳለ ቀርቶም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም አይፒና ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረውን) ወደ አውቶማቲክ መልሱ።

ቀኑንም እዩ። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ፣ ድረ ገጾች ሁሉ «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ የሚያስቸግሩበት ላፕቶፕ አለ። ዋይፋዩ ምንም አልሆነም። ዓመቱን በፈረንጆቹ አስተካክሉት፣ ይከፈታል።

6. እየያዘ የሚለቅ ከሆነ

ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የአዳፕተሩን ፕሮፐርቲስ ክፈቱ። ፓወር ማኔጅመንት በሚለው ታብ ላይ ባትሪ ለመቆጠብ አዳፕተሩ እንዲጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። ታቡ ከሌለ እለፉት፤ አዳዲሶቹ ላይ ላይኖር ይችላል። ዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ ሰክታችሁ ከሆነም ንቀሉትና እዩ፤ 2.4 ጊጋኸርዝን ይረብሻል።

ሁሉም እምቢ ካለ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ ሪሴት አለ። የተቀመጡ የዋይፋይ ፓስወርዶችን ያጠፋልና ቀድማችሁ መዝግቡ። ፋይላችሁን ግን አይነካም።

ካርዱ ሞቶ ከሆነ ላፕቶፑ አብሮ አልሞተም። ትንሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ አዳፕተር ግዙ። 5 ጊጋኸርዝ እንደሚይዝ ጠይቁ፤ ርካሾቹ ብዙ ጊዜ 2.4 ብቻ ናቸው። ከመክፈላችሁ በፊትም ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ በስልካችሁ ሆትስፖት ሞክሩት።