ባለ መነጽር ሄልሜት ሲገዛ

ሥራዬ ከከብት ጋር ነው። በሳምንት ሦስት አራት ቀን የክትባት ሣጥኔን ሞተሬ ላይ አስሬ ከጎንደር በአዘዞ አድርጌ ወደ ደምቢያ እወርዳለሁ። ቆላ ድባ፣ አንዳንዴም እስከ ጎርጎራ። ያለ መነጽር ሃያ እርምጃ ላይ የቆመ በሬ ከላም አልለይም። ለእኔ ሙያ ይሄ ነውር ነው።

የመጀመሪያ ሄልሜቴን የገዛሁት እንደ ብዙ ባለ መነጽር ተሳስቼ ነው። ልኬ ኤም ሆኖ ሳለ መነጽሩ ሲጠበኝ ኤል አነሣሁ። ሻጩ ልጅም «ጋሼ፣ ይሄ ይመችዎታል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እንደ ባርኔጣ ተመቸኝ። አንድ ቀን ኮረኮንች ላይ የፊት ጎማው ከዳኝና ወደቅሁ። ከባድ አወዳደቅ አልነበረም። ሄልሜቱ ግን ዞሮ አንድ ዓይኔን ሸፈነው፣ መነጽሬም ተጣሞ ቅንድቤን ጫረኝ። ከማሳቸው እየሮጡ የመጡ አዛውንት ደንግጠው «ልጄ፣ አንገትህ ዞረ እንዴ?» አሉ።

ስለዚህ ሄልሜት የሚለካው በራስ ቅል እንጂ በመነጽር አይደለም። ከልብስ ሰፊ ሜትር ተዋሱ። ከቅንድባችሁ አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጉና ከጆሮ በላይ አሳልፋችሁ፣ ከኋላ ራሳችሁ በጣም በሚወጣበት ቦታ አዙሩት። በብዙ አምራቾች ዘንድ 57 እና 58 ሴንቲ ሜትር ኤም ነው፤ 59 እና 60 ኤል። ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ውስጡ የተለጠፈውን አንብቡ።

ስታጠልቁት ጉንጫችሁን ጨምደድ ማድረግ አለበት። ግራና ቀኝ ስታዞሩት የጉንጫችሁ ቆዳ አብሮ ይሂድ። ማሰሪያውን አጥብቃችሁ ከማጅራታችሁ በኩል ወደ ላይና ወደ ፊት ግፉት። ከወለቀ መልሱለት።

ሁለተኛውን በልኬ ገዛሁ። አሁን ደግሞ ራስ ምታት መጣ። ከመስክ ስመለስ ከጆሮዬ በላይ ያለው ቦታ ሊፈነዳ ይደርሳል። የመነጽሬ ቁጥር ጨምሯል ብዬ ዓይኔን ልመረመር ሄድኩ። መርማሪዋ ደጋግማ አየችኝና «ዓይንዎ እንደነበረ ነው» አለች። ከዚያ ከጆሮዬ በላይ ያለውን ሰርጎድ ያለ መስመር እያየች «ይሄ የቀንበር ምልክት ግን ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በሬ ላይ ስንቴ ያየሁትን ነገር ራሴ ላይ ሳላውቀው ቀረሁ።

ችግሩ ያለው እዚያ ነው። የመነጽሩ ዘንግ በስፖንጁና በራስ ቅል መካከል ይጨመቃል። አንዳንድ ሄልሜቶች ስፖንጃቸው ላይ ዘንጉ የሚያልፍበት ቦይ አላቸው። ጣታችሁን ሰድዳችሁ ፈልጉት። ቦይ ባይኖረውም ስፖንጁ የሚወልቅና በቀጭን የሚቀየር ከሆነ ተስፋ አለው።

ስፖንጁን መነካካት ይቻላል። ከሥሩ ያለውን ጠንካራ ፎም ግን አትንኩ። ቴሌቪዥን ታሽጎ ከሚመጣበት ነጭ ፎም ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ስትወድቁ ተጨፍልቆ ግጭቱን የሚውጠው እሱ ነው። አንድ ባልደረባዬ ለመነጽሩ መንገድ ላብጅ ብሎ በካራ ፈልፍሎታል። አሁን የያዘው የሚያምር ባልዲ ነው። ይኸው ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም፤ ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ያገለገለ ሄልሜት በርካሽ ብታገኙም እለፉት።

እውነቱን ለመናገር ግማሹ መፍትሔ ያለው መነጽር ቤት ነው። ዘንጉ ቀጭንና ቀጥ ያለ ፍሬም ለሞተር ይሻላል። ሰፊ የፕላስቲክ ዘንግ ይጨመቃል፤ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈም ሲገባ ጆሮ ይቧጥጣል። እኔ ለመንገድ ብቻ ቀጭን የብረት ፍሬም ለይቻለሁ፤ ለሠርግ ባያምርም።

ሙሉ ፊት የሚሸፍነው ሄልሜት ከሆነ መነጽሩን አውልቁ፣ ሄልሜቱን አጥልቁ፣ ከዚያ መነጽሩን በፊት በኩል ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ። ስታወልቁ ደግሞ መነጽሩ ይቅደም። ይሄን መርሳት ነው ስንት ፍሬም የሚሰብረው። በሠላሳ ሜትሩ ለሚወርድና ለሚወጣ ሰው ግን አገጩ ወደ ላይ የሚከፈተው ዓይነት ይገላግላል፤ መነጽር እንዳደረጉ ይጠለቃል። ትንሽ ይከብዳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ፊቱ ክፍት የሆነው ለመነጽር እንደሱ የሚመች የለም፣ አገጭን ግን ለአስፋልቱ ይተወዋል። የበጋውን አቧራ አልቆጠርኩም።

ሱቅ ስትሄዱ መነጽራችሁን አድርጋችሁ ሞክሩ፤ በኪስ ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም። አጥልቃችሁ ሃያ ደቂቃ ቁጭ በሉ። ፒያሳ የገዛሁበት ሱቅ ሄልሜት አጥልቄ ቡና ስጠጣ አላፊ አግዳሚው ስቆብኛል። ይሳቅ። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ የሚጀምር ሕመም በሁለት ደቂቃ ሙከራ አይታወቅም። ውስጡ የሚወርድ ጥቁር መስታወት ካለው ሙሉ በሙሉ አውርዱት፤ መነጽሩን የሚነካ ከሆነ አትውሰዱት። ፀሐይ ሲያይ የሚጠቁር መነጽር ካላችሁም ብዙ አትመኑት። አብዛኛው የሄልሜት መስታወት ሌንሱን የሚያጠቁረውን ጨረር ስለሚያስቀር እንደ ደጁ አይጠቁርም።

ማሰሪያው ላይ የተሰፋውን ምልክት እዩ። በክብ ውስጥ ያለ ኢ ፊደልና ቁጥር የአውሮፓው ደንብ ምልክት ነው። ከሥሩ ያለው ቁጥር በ06 ከጀመረ በአዲሱ፣ በ22.06 ተፈትኗል ማለት ነው። ፒ ፊደል ካለበት (ኤንፒ ሳይሆን) አገጩም ተፈትኗል። ዶት የሚል፣ የአሜሪካውን ደንብ የሚያመለክት ተለጣፊ ብቻውን እኔን አያሳምነኝም። እሱ አምራቹ ራሱ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው፤ ተለጣፊ ደግሞ የትም ይታተማል።

የጎንደር ጠዋት ብርዱን ታውቁታላችሁ። ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። ትንፋሻችሁ መጀመሪያ የሄልሜቱን መስታወት፣ ቀጥሎ መነጽሩን ያለብሳል። ለሄልሜቱ መስታወት ፒንሎክ የሚባል ተጨማሪ ሽፋን አለ፤ በመሐል አየር አፍኖ ይይዝና ጉሙን ይከላከላል። የሄልሜቱ መስታወት ይህ ሽፋን የሚያያዝባቸው ነጥቦች እንዳሉት ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ለመነጽሩ ግን አይረዳም። ለእሱ አፍንጫ ላይ የሚገባው የትንፋሽ መከለያና የአገጩ አየር መግቢያ ናቸው የሚሠሩት። እኔ ጠዋት ጠዋት ሌንሴን አንዲት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ቀብቼ በንጹሕ ጨርቅ እስኪደርቅ እወለውለዋለሁ። ከአዘዞ ሽቅብ ወደ ከተማ ከከባድ መኪና ኋላ ቀስ ብዬ ስወጣ ደግሞ መስታወቱን አንድ ጣት ያህል ከፈት አደርጋለሁ።

መለዋወጫ መነጽር ያዙ። የት እንደምታስቀምጡት ግን አስቡበት። እኔ አንዴ ከክትባቱ ጋር በረዶ ሣጥን ውስጥ ከትቼው ሳወጣው በጉም ተሸፍኖ፣ ጥጃዋን ለመክተብ ባለቤቷ በእጄ መርተው ወሰዱኝ።