ሂፕ ዲስፕላዢያ ያለበትን ቡችላ እንዴት እንንከባከበው?

ጀርመን ሼፐርድ፣ ላብራዶር፣ ሮትዋይለር ወይም የእነሱ ድቅል የሆነ ቡችላ ካላችሁ ሂፕ ዲስፕላዢያ ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ነው። የጭን አጥንት ጫፉ ክብ ነው፤ ዳሌው ላይ ደግሞ እሱን የሚቀበል ጎድጓዳ ቦታ አለ። ሙቀጫና ዘነዘና ብላችሁ አስቡት። ሙቀጫው ጥልቀት ሲያጣ ዘነዘናው እየተንሸራተተ ጠርዙን ይመታል። ቡችላውም በተራመደ ቁጥር አጥንቱ ጠርዝ ጠርዙን ይጋጫል። ውሎ ሲያድር መገጣጠሚያው ይቆጣል፣ ይሻክራል፣ በመጨረሻም አርትራይተስ ይሆናል።

ነገሩ በዘር የሚመጣ ነው። ግን ቡችላው ሲወለድ ዳሌው ደህና ነው፤ የሚላላው በኋላ፣ አጥንቱ ቶሎ ቶሎ በሚያድግባቸው ወራት ነው። በዚያን ጊዜ የሚበላው፣ የሚመዝነውና የሚውልበት ቦታ ሁሉ ለውጥ ያመጣል። ራጁ የሚያስደነግጥ ሆኖ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደህና የሚራመዱ ውሾች አሉ። ብዙውን ጊዜ ያልወፈሩና የኋላ እግራቸው ጡንቻ የጠነከረ ናቸው። ከዚህ በታች የምላችሁም በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ ዙሪያ ነው፤ ክብደትና ጡንቻ።

1. መጀመሪያ በሽታው እሱ መሆኑን አረጋግጡ

ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ዕድሜ ብቅ ይላል። ጠዋት ከተኛበት ሲነሳ እዩት። ጤነኛ ቡችላ እመር ብሎ ነው የሚነሳው። ይሄኛው የፊት እግሮቹን ይተክልና ደረቱን ቀና ያደርጋል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ መቀመጫውን ይጎትታል። ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮች አንድ ላይ እያነሳ ይዘላል። ሲራመድ ዳሌው ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። ሲቀመጥ አንድ እግሩን ወደ ጎን ይጥላል። ደረጃ ላይ ይለግማል። መኪና ውስጥ ዘሎ መግባት ይወድ የነበረው በሩ ላይ ቆሞ ያያችኋል።

በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹት፤ ከኋላና ከጎን፣ ቀስ ብሎ ሲሄድም ሲሮጥም። ብዙ ውሻ ሐኪም ቤት ሲደርስ ደንግጦ ማንከሱን ይረሳል። ማንከስ ሁሉ ደግሞ የዳሌ ችግር አይደለም። የጉልበት ጅማት ሊሆን ይችላል፣ በእድገት ወቅት የሚመጣ የአጥንት ህመም ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴ መዳፉ ውስጥ የቀረ እሾህ ነው።

የሚለየው ራጅ ነው። ለጥሩ ራጅ ቡችላው በጀርባው ተኝቶ የኋላ እግሮቹ ቀጥ ብለው መዘርጋት አለባቸው። ይህ የታመመ ዳሌ ላይ ያማል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ማደንዘዣ ልስጠው ቢሏችሁ አትደንግጡ። አዲስ አበባና አካባቢዋ ያላችሁ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው። የትም ሂዱ የት፣ ለትንሽ እንስሳ የሚሆን ራጅ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

2. ክብደቱን አስተካክሉ

ከሁሉም በላይ ውጤት ያለው ይሄ ነው። ወጪ የለውም፣ እንዲያውም ይቆጥባል።

ፑሪና የተባለው የእንስሳት ምግብ አምራች ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 48 ላብራዶር ቡችሎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከታትሏል። ከየጥንዱ አንዱ ከሌላው በ25 በመቶ ያነሰ ምግብ ይሰጠው ነበር። ትንሽ የበሉት ላይ የዳሌ ችግር ቀንሶ ታየ፤ አርትራይተሱም በጣም ዘግይቶ መጣ። ዕድሜያቸውም ረዘመ፦ መካከለኛው 13 ዓመት ሲሆን የሌሎቹ 11.2 ነበር።

እኛ ዘንድ ግን ይህን መፈጸም ትዕግሥት ይጠይቃል። ወፍራም ቡችላ ያማረ ቡችላ ነውና። እንግዳ ሁሉ "ምነው፣ ውሻውን አስራባችሁት እንዴ?" ይላችኋል። ልጆች ከጠረጴዛ ስር ያቀብሉታል፣ የግቢው ዘበኛ ከምሳው ያካፍለዋል፣ እትዬ እገሌም አጥንት ቋጥረው ይመጣሉ። ቤተሰቡን ሰብስባችሁ ንገሩ፤ የሚያበላው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አለበለዚያ የለካችሁት ሁሉ ከንቱ ነው።

መወፈሩን በዓይን አትገምቱ፣ በተለይ ጸጉራም ከሆነ። አንድ እጃችሁን ዘርጉና የመዳፉን ጀርባ በሌላኛው ጣት ዳብሱት። አጥንቶቹ ከቆዳው ስር አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የቡችላው ጎድንም ሲዳበስ እንዲህ መሆን አለበት። መዳፋችሁን ገልብጣችሁ ስትነኩት እንደሚሰማው ለስላሳ ከሆነ ወፍሯል። እጃችሁን ጨብጣችሁ አንጓዎቹን ስትነኩ እንደሚሰማው ከሆነ ደግሞ ከስቷል። ከላይ ስታዩትም ወገቡ ገባ ማለት አለበት። በየሁለት ሳምንቱ ብቻችሁን፣ ቀጥሎ እሱን ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡና ልዩነቱን መዝግቡ።

ምግቡን በተመለከተ፣ አቅሙ ካላችሁ ለትልልቅ ዝርያ ቡችሎች የተዘጋጀውን ደረቅ ምግብ በኩባያ እየለካችሁ ስጡት። እሱን እየበላ ካልሲየም እንዳትጨምሩለት። "አጥንቱ እንዲጠነክር" ተብሎ የልጆች ሽሮፕ፣ የአጥንት ዱቄት፣ የእንቁላል ቅርፊት ሲሰጥ አያለሁ። ትንሽ ቡችላ ትርፍ ካልሲየም ሲገባለት አንጀቱ መመለስ አይችልም፤ ትርፉም የአጥንቱን እድገት ያበላሻል። በተቃራኒው ሥጋና ሩዝ ብቻ የሚበላ ቡችላ ካልሲየም ያንሰዋል። የቤት ምግብ የምታበሉ ከሆነ መጠኑን ሐኪም ያውጣላችሁ። ወጥ የነካው እንጀራ ይቅርበት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። በዓል ሲመጣ ልብ በሉ።

3. ወለሉን አስተካክሉ

ሴራሚክና ሊሾ የዚህ ቡችላ ጠላቶች ናቸው። በተንሸራተተ ቁጥር የኋላ እግሮቹ ይከፈታሉ፣ የላላው መገጣጠሚያም ይጎተታል። በሚመላለስበት መስመር የጎማ ምንጣፍ ወይም ያረጀ ስጋጃ አንጥፉ። ጥፍሩን ቁረጡ፣ በመዳፉ መካከል ያደገውን ጸጉር ከርክሙ።

ሲሚንቶ ላይ አይተኛ። ጣውላ ከስር፣ ወፍራም ስፖንጅ ከላይ አድርጉለት። ስፖንጁን በሚታጠብ ነገር ሸፍኑት። በክረምት ብርድና እርጥበት ሲገባ ጠዋት ጠዋት የመገጣጠሚያው መገተር ይብስበታል።

4. በየቀኑ በልኩ አንቀሳቅሱት

ብዙ ግቢ ውስጥ ያለውን ልማድ ታውቁታላችሁ፤ ውሻው ቀን በሰንሰለት ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል። ለዚህ ቡችላ ከዚህ የባሰ ፕሮግራም የለም። ቀኑን ሙሉ ጡንቻው ይቀልጣል፤ ሲፈታ ደግሞ ሳያሟሙቅ ይፈተለካል፣ አጥር ለአጥር ይሮጣል፣ በር ላይ ይንጠላጠላል። "ያመዋልና ይረፍ" ብሎ መዝጋትም ያው ነው። ላላ ያለውን መገጣጠሚያ የሚይዘው በዙሪያው ያለው ጡንቻ ነው።

ኖርዌይ ውስጥ በአራት ትልልቅ ዝርያዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ እስከ ሦስት ወር ዕድሜያቸው በየቀኑ ደረጃ የወጡና የወረዱ ቡችሎች ለችግሩ የበለጠ ተጋላጭ ሆነው እንደተገኙ ያሳያል። ለስላሳ መሬት ላይ በነፃነት የተጫወቱት ደግሞ ተጋላጭነታቸው ቀንሷል። ስለዚህ ሳር ካለ ሳር ላይ ይሁን፤ ደረጃ ላይ ታቅፎ ይውጣ፣ ሲከብዳችሁ በገመድ ተይዞ ቀስ ይበል።

በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ በሚሆን የገመድ ጉዞ ጀምሩ። ቀስ በሉ። ውሻ ቀስ ሲል እያንዳንዱን እግር ለየብቻ ይረግጣል፤ ስትቸኩሉ ሁለቱን ገጥሞ መዝለል ይጀምራል፣ ጡንቻውም አይሠራም። መዝለል ከጀመረ ደክሟልና ወደ ቤት ተመለሱ። ዋናው መለኪያ ግን የማግስቱ ጠዋት ነው። ከሌላው ቀን የበለጠ ተቸግሮ ከተነሳ የትናንቱ በዝቶበታል፤ በግማሽ ቀንሱ። ደህና ከተነሳ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩ።

ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ጥሩ ስፖርት አለ፦ መቀመጥና መነሳት። አንድ ጎኑን ግድግዳ አስጠግታችሁ አስቀምጡት፤ እግሩን ወደዚያ ጎን መጣል አይችልም። የለመደውን ምግብ አፍንጫው ፊት ይዛችሁ ቀስ ብሎ እንዲነሳ አድርጉ። አምስት ጊዜ ይበቃል። ሲበረታ የመጥረጊያ እንጨቶች መሬት ላይ ደርድሩና እያለፈ ይራመድ፤ እግሩን ማንሳት ይለምዳል። ዋናም ድንቅ ነው፤ ግን ውሃው ቀዝቃዛ እንዳይሆን።

ኳስ መወርወር፣ ከሶፋ መዝለል፣ በሁለት እግር ማስጨፈር ይቁም። ልጆች የመጨረሻውን በጣም ይወዱታልና በደንብ አስረዷቸው።

5. መድኃኒትና ቀዶ ሕክምና

የሰው ማስታገሻ አትስጡት። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ፓራሲታሞል ውሻን ጨጓራውን ሊያደሙ፣ ኩላሊቱንና ጉበቱን ሊጎዱ፣ ሊገድሉትም ይችላሉ። ለውሻ ካርፕሮፌን ወይም ሜሎክሲካም በክብደቱ ተሰልቶ ሐኪም ያዛል። እየወሰደ ካስመለሰ፣ መብላት ካቆመ ወይም ሰገራው ከጠቆረ አቁሙና ደውሉ። ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የተባሉት የስቴሮይድ መድኃኒቶች ሰሞኑን ተሰጥተውት ከነበረም ተናገሩ፤ ማስታገሻው ከእነዚህ ጋር አብሮ አይሄድም።

የዓሣ ዘይት በልኩ ይረዳል። ግሉኮሳሚን ላይ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው፤ እኔ ገንዘቡን ለራጅ አውለው ነበር።

ቀዶ ሕክምናው በዕድሜ ይለያያል። እስከ 20 ሳምንት ድረስ ብቻ የሚሠራ፣ የዳሌ አጥንቱን እድገት መርቶ ጎድጓዳው ቦታ የጭኑን አጥንት በደንብ እንዲሸፍን የሚያደርግ ቀለል ያለ ቀዶ ጥገና አለ። አንድ ዓመት ሳይሞላውና አርትራይተስ ሳይጀምር የዳሌ አጥንቱን ቆርጦ ማዞር ይቻላል። ሲያድግ ደግሞ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይገባለታል። እነዚህ ሁሉ ልዩ ባለሙያና መሣሪያ ይፈልጋሉ። የጭኑን አጥንት ክብ ጫፍ ቆርጦ ማውጣት ግን የሚተከል ዕቃ አይፈልግም፤ ቦታው ላይ ጠባሳና ጡንቻ መገጣጠሚያውን ይተካሉ። ይህም ቢሆን ቀለል ባለ ውሻ ላይ ነው የበለጠ የሚሳካው። እንግዲህ ተመልሰን ክብደት ላይ ነን።

ማኮላሸት ካሰባችሁ አትቸኩሉ። ጀርመን ሼፐርዶች ከአንድ ዓመት በፊት ሲኮላሹ የመገጣጠሚያ ችግር እንደሚበዛባቸው ታይቷል። ግን ደግሞ ለዘር አትጠቀሙበት፤ የቱንም ያህል ቆንጆና ብልህ ቢሆን። ከአንድ እናት የተወለዱትን የወሰዱ ሰዎች ካወቃችሁ ደውሉላቸው። ቡችሎቹ 20 ሳምንት ካልሞላቸው ራጅ አንስተው ከሐኪም ጋር ለመመካከር ገና ጊዜ አላቸው።