ክሩኦር፦ ላቲን ለፈሰሰ ደም ያለው ስም፣ አነባበቡና አተረጓጎሙ

ላቲን ደምን በሁለት ስም ይጠራል። ሳንጉዊስ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም ነው፤ የሥጋ ዝምድናም የሚነገረው በእሱ ነው። ክሩኦር ከቁስል የወጣው፣ መሬት ላይ የፈሰሰው፣ ሰይፍ ላይ የደረቀው ነው። ሁለቱንም «ደም» ብሎ ማለፍ ትርጉሙን ያደኸየዋል።

ስትተረጉሙ መጀመሪያ ደሙ የት እንዳለ እዩ። ገና እየወረደ ከሆነ «የፈሰሰ ደም»፣ ከቆየ «የረጋ» ወይም «የጓጎለ ደም» በሉት። ነገሩ ስለ ግድያ ከሆነ «ደም ማፍሰስ» በቂ ነው። ልዩነቱ ግን በአንድ በኩል ብቻ የሚጠብቅ ነው፦ ሳንጉዊስ ለፈሰሰም ደም ይውላል፤ ክሩኦር ግን በደም ሥር ውስጥ ለሚዘዋወረው አይውልም ማለት ይቻላል።

ቃሉ ተባዕታይ ነው፤ አገናዛቢው ክሩኦሪስ፣ ተሳቢው ክሩኦሬም ይሆናል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ክሩሪስ የሚለው፣ «ኦ» የሌለው፣ ክሩስ ከተባለው የእግር (የቅልጥም) ስም የመጣ ነው። አንዲት ፊደል ብትዘሉ ደሙ እግር ይሆናል። ቅጽሉ ክሩዌንቱስ፣ «ደም የለበሰ» ማለት ነው፤ አማራንተስ ክሩዌንተስ በተባለው ተክል ስም ውስጥ የምናየው እሱን ነው።

በድሮ የሕክምና ጽሑፍ ክሩኦር ሌላ ጠባብ ትርጉም አለው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መከላከያ ሳይጨመርበት በብልቃጥ ቢቀመጥ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይረጋል፤ የሚለየው ቢጫ ፈሳሽ ሴረም፣ የሚቀረው ቀይ ጓል ክሩኦር ነው። መከላከያ ከተጨመረበት ደሙ ስለማይረጋ የሚገኘው ፈሳሽ ፕላዝማ እንጂ ሴረም አይደለም፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ክሩኦር ማለት ስህተት ነው። የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ስቶክስ በ1864 እ.ኤ.አ. ለደም ቀይነት የሚሰጠውን ንጥረ ነገር «ክሩኦሪን» ያለው ከዚሁ ቃል ነው፤ ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሆፔ ዛይለር በዚያው ዓመት ያወጣው «ሄሞግሎቢን» የሚለው ስም ግን አሸነፈ።

በአስከሬን ምርመራ መዝገብ ላይ ካገኛችሁት ከሞት በኋላ የረጋ ደም ማለት ነው፤ ለስላሳ፣ የሚለጠጥ፣ የደም ሥሩን ቅርጽ የያዘ፣ ከግድግዳው ጋር ያልተጣበቀ። በሕይወት ሳለ በደም ሥር ውስጥ የተፈጠረው ግን ትሮምቡስ ይባላል፤ ደረቅ ያለ፣ የሚፈረፈር፣ ብዙውን ጊዜ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህን ማምታታት የሞቱን ምክንያት እስከ ማሳሳት ስለሚደርስ ዛሬ በሚጻፍ ሪፖርት ላይ «ከሞት በኋላ የረጋ ደም» ብሎ በግልጽ መጻፍ ይሻላል።