ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበትን ዓመት በቀላሉ ለማወቅ

ካላንደር ሳታገላብጡ የዓመተ ምሕረቱን የመጨረሻ ሁለት አኀዞች ለ4 አካፍሉ። 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። በባሕረ ሐሳብ (በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር) የሚካፈለው 5500 የተደመረበት ዓመተ ዓለም ነው፤ 5500 ግን ራሱ ለ4 እኩል ስለሚካፈል ባትደምሩትም ውጤቱ ያው ነው።

ለምሳሌ 2019፦ 19 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው፤ የቀን ለውጡ የሚታየው በቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ ነው። መስከረም 1 ቀን 2020 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ ልደትም ታኅሣሥ 28 ይከበራል። የአንድ ቀን ልዩነቱ እስከ የካቲት 21 ይዘልቃል።

እ.ኤ.አ. በተጻፈ ዓመት ላይ ግን አትጠቀሙበት።