ቮልስ ሲያስቸግር፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

ቮልስ ከውጭ ሲያዩት ሁልጊዜ ያው ነው። ፌርዲናንድ ፖርሸ በ1930ዎቹ ያወጣለት ክብ ጀርባ፣ በ2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ የመጨረሻው እስኪመረት አብሮት ቆይቷል (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሆዱ ግን በየጊዜው ተቀያይሯል። የገዛነው ዕቃ አልገጥም የሚለን በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት የኋላ ወንበሩን አንሱና የሻንሲ ቁጥሩን አንብቡ። ከ1965 ሞዴል ወዲህ ሦስተኛው አኃዝ ዓመቱን ይናገራል። ቁጥሩ ዘጠኝ አኃዝ ሆኖ በ117 ከጀመረ የ1967 ሞዴል ነው።

ሞተሩ ሲግል "ቀጭ" ብሎ ዝም ይላል፤ ሲቀዘቅዝ ይነሳል

ብዙ ሰው ወዲያው ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ይቀይራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሽቦ ነው። ባትሪውና ሞተሪኖው ከኋላ ተቀራርበው ሳለ፣ የማስነሻው መስመር እስከ ቁልፉ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ሽቦው ሲያረጅ ጉልበቱ መንገድ ላይ ያልቃል። መጀመሪያ የባትሪውን ገመዶችና ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ከቦዲው የሚያገናኘውን ገመድ አጽዱና አጥብቁ። ካልተሻለው ሞተሪኖው አጠገብ ሪሌ (ጉልበቱን ከባትሪው በአጭር መንገድ የሚያደርስ ማብሪያ) ይግባለት።

ባትሪው ሙሉ ነው፤ ሞተሪኖው ግን እያቃሰተ ይዞራል

የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚያርፈው ካምቢዮው ውስጥ ባለች ትንሽ ቡሽ (የብረት ቀለበት) ላይ ነው። ቡሿ ስትበላ ዘንጉ ይንጋደዳል። ሞተሪኖ ሲቀየር እሷም ትቀየር። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ እሷን ረስቶ አዲስ ሞተሪኖ ማሰር ግን ያሳዝናል።

አዲስ ሞተሪኖ ታስሮ ጥርሱ ይፋጫል

ይሄ እኔም ላይ ደርሷል። መኪናዬ ድሮ 6 ቮልት ነበር፤ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ወደ 12 ቀይሮታል። የ12 ቮልት ሞተሪኖ ገዝቼ አሰርኩ፤ ብረት በብረት ሲፈጭ ሰፈሩ ሰማ። ምክንያቱ ቮላኖው (ሞተሪኖው የሚያዞረው ጥርሳም ክብ ብረት) ነው። የ6 ቮልቱ 109 ጥርስ ነበረው፤ የ12 ቮልቱ 130። ለአሜሪካ ገበያ ለውጡ በ1967 ሞዴል መጣ፤ ለሌሎች አገሮች የወጡት ላይ ዘግይቷል። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ሞተሪኖውን አውጡ፣ በቀዳዳው በሚታየው አንድ ጥርስ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ የሞተሩን ፑሌጃ (ቀበቶው የሚዞርበትን ክብ ብረት) በእጅ እያዞራችሁ ቁጠሩ። እኔ 109 አገኘሁ። የቡሿ ቀዳዳ ስፋትም በሁለቱ ይለያያል፤ ለክታችሁ ግዙ።

ቀዩ የዲናሞ መብራት እየነዳችሁ በራ

ቁሙ። ቺንጋው (ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ) ተበጥሶ ከሆነ ማራገቢያውም ቆሟል፤ ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ብቻ ነው።

ቺንጋው ከላላ የዲናሞውን ፑሌጃ ጎን ላይ ባለው ስንጥቅ በካቻቢቴ ያዙና ዳዶውን ፍቱ። ከፑሌጃው ሁለት ግማሾች መሀል አንድ ሮንዴላ ስታወጡ ቺንጋው ይጠብቃል። ያወጣችሁትን አትጣሉት፤ ውጭ በኩል ከዳዶው ሥር አስቀምጡት።

ጉልበት አንሶታል፤ የባልቮላው ድምፅም ጠፍቷል

ሦስተኛውን ሲሊንደር ጠርጥሩ። እስከ 1970 ሞዴል ድረስ የዘይት ማቀዝቀዣው ወደዚያ ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ይጋርድ ነበር፤ በ1971 ቦታው ተቀየረ። የጭስ ባልቮላው (የተቃጠለውን ጋዝ የሚያስወጣው ክዳን) ከሙቀት ብዛት ይሳባል፣ እሱንና የሚገፋውን ክንድ የሚለየው ክፍተት ይዘጋል፣ ቲክ ቲክ የሚለው ድምፅ ይጠፋል። ሞተሩ ሌሊቱን ከቀዘቀዘ በኋላ ጠዋት 0.15 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ አስተካክሉት። በሚቀጥለው ልክ ስታዩት ያው ባልቮላ እንደገና ጠቦ ካገኛችሁት፣ የባልቮላው ራስ ሳይበጠስ ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) አስወርዱ።