የዶልፊን ቅጂው ባዶ ሲመስል፣ ፒንገሩ ደሞ አልሰራ ሲል (ችግርና መፍትሄ)

እዚህ ጅማ ላፕቶፕ ላይ ከባህር ድምፅ ቅጂ ውስጥ ዶልፊንና ዘመዶቹን የምንፈልግ ልጆች እየበዛን ነው፣ ጥያቄውም ያው ተመሳሳይ ስለሆነ አንዴ ልፃፈው። ባህሩ ሩቅ ነው ግን ቅጂው ኦንላይን በነፃ ይገኛል፣ ስራውም የምር ያስፈልጋል፤ ዶልፊን እኮ እንደኛ አየር ነው የሚተነፍሰው፣ መረብ ከያዘው ወደ ላይ መውጣት አቅቶት ታፍኖ ይሞታል።

ችግር፦ ፋይሉ ውስጥ ምንም የለም

"ባዶ ነው" ብላችሁ አትዝለሉት በናታችሁ። ፖርፖይዝ የሚባለው ትንሹ የዶልፊን ዘመድ ክሊኩ (ገደል ማሚቶውን ሰምቶ አካባቢውን የሚለይበት አጭር ድምፅ) 130 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው፣ የኛ ጆሮ 20 ላይ ያበቃል፣ ስለዚ በጆሮ ማዳመጥ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ ሳምፕል ሬቱን (ድምፁ በሰከንድ ስንት ሺ ጊዜ እንደተለካ) እዩ፣ የሚያዘው ድምፅ እስከ ግማሹ ድረስ ብቻ ነው። በ44.1 የተቀዳ ከሆነ ከ22 በላይ ያለው ድምፅ ከነጭራሹ አልተያዘም፣ በቃ ሌላ ፋይል ፈልጉ፤ 384 ከሆነ ግን ክሊክ ከነበረ ተይዟል ማለት ነው።

384 ሆኖም ካልታየ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛው አላላኩ ነው። የአንድ ሰአት ቅጂ 2.7 ጊጋ ገደማ ስለሚሆን ሰው ፓኬጅ ለመቆጠብ ኤምፒስሪ አርጎ በቴሌግራም ይልካል፣ ኤምፒስሪ ደሞ ከ48 በላይ ሳምፕል ሬት አይችልም፣ ክሊኩ እዛው ተቆርጦ ቀረ። ፍላክ (FLAC) በሚባለው የፋይል አይነት አርጋችሁ ላኩ፣ ይቀንሳል ግን ምንም አይጎድልበትም። ሁለተኛው ቅጂውን የምንከፍትበት ፕሮግራም፣ አውዳሲቲ ራሱ ነው፣ ስፔክትሮግራሙ (ድምፁን በስእል የሚያሳየው) ሴቲንጉን ካልነካችሁት 20 ኪሎኸርዝ ላይ ያቆማል። ማክስ ፍሪኩዌንሲውን 192000 አርጉት። ፖርፖይዝ ካለ ከታች ምንም ሳይኖር 130 ላይ ብቻ የተንጠለጠሉ ቀጫጭን ሰረዞች ታያላችሁ። መስማት ከፈለጋችሁ ስፒዱን 10 እጥፍ ቀንሱት፣ ቴምፖ የሚለውን ሳይሆን ስፒድ የሚለውን፣ ቴምፖው የድምፁን ቅጥነት አይቀይረውም።

ችግር፦ ፋይሉ በሙሉ ቡና ሲቆላ እንደሚንጣጣው ነው

ሽሪምፕ የሚባል ትንሽ የባህር እንስሳ ነው፣ ሞቃት ባህር ላይ ያለ ነው። የሽሪምፕ ድምፅ ያለ ስርአት ይበታተናል፣ የዶልፊን ክሊክ ግን ተከታትሎ ነው የሚመጣው፣ አሳ ጋ እየቀረበ ሲሄድ ደሞ ክፍተቱ እየጠበበ እየጠበበ መጨረሻ ላይ ዝዝዝ ይሆናል። ክፍተቱን ለኩ።

ችግር፦ ፒንገር ተደርጎም መረቡ ይይዛል

ፒንገር መረብ ላይ የሚታሰር ድምፅ ማሰሚያ ነው። ይሰራል እኮ፤ በፈረንጆቹ 1994 አሜሪካ አጠገብ ባለው ሜይን ባህረ ሰላጤ በተደረገው ሙከራ ዝም ያለው መረብ 25 ፖርፖይዝ ሲይዝ ፒንገር ያለው 2 ብቻ ነው የያዘው፣ የሁለቱም መረብ ብዛት ተቀራራቢ ሆኖ። ካልሰራ መጀመሪያ ባትሪ። የ10 ኪሎኸርዙን ውሃ ነክሮ ጆሮ ጋ አስጠግቶ መስማት ይቻላል፣ የ70ውን ግን ጆሮ አይሰማውም፣ የሌሊት ወፍ ድምፅ ማዳመጫ መሳሪያ ያስፈልጋል። ከዛ ርቀት፦ የ10ሩ በየ100 ሜትሩ ገደማ ነው የሚታሰረው፣ መሀል ላይ አንዱ ከሞተ ቀዳዳ ተፈጠረ።

ከሁሉም የሚከብደው ግን እንስሳው ራሱ ነው። ቦትልኖዝ የሚባለው ባለጠርሙስ አፍንጫ ዶልፊን ፒንገሩን ብዙም አይፈራም፣ እንደውም መረብ ላይ ያለ አሳ ለመብላት የሚመጣ አለ። ለሱ ባትሪ መቀየር መፍትሄ አይሆንም። የጊቤ ግድብ አሳ አጥማጆች ማታ ዘርግተው ጠዋት እንደሚያወጡት አይነት ቆሞ የሚያድር የናይለን መረብ ከሆነ የሚያድርበትን ሰአት ማሳጠር ወይም ቦታውን መቀየር ነው ያለው፣ ናይለኑ ቀጭን ስለሆነ የሚመልሰው የክሊክ ገደል ማሚቶ ደካማ ነው፣ ዶልፊኑም ሁሌ ክሊክ እያረገ አይዋኝም።

ቦታ ለመቀየር ደሞ እንስሳው የትና መቼ እንዳለ መታወቅ አለበት፣ የኛ ስራ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሰሜን አውሮፓ ባልቲክ ባህር ላይ በፈረንጆቹ ከ2011 እስከ 2013 ከ300 በላይ ክሊክ መዝጋቢ ተጥሎ ነው በባህሩ ዋና ክፍል የቀሩት ፖርፖይዞች 500 ገደማ እንደሆኑ የተገመተው፣ በነሱ ሰመር ከስዊድኑ ጎትላንድ ደሴት በስተደቡብ ያሉት ጥልቀት የሌላቸው ቦታዎች ላይ እንደሚሰበሰቡም የታወቀው ያኔ ነው። ስለዚ ፋይል ስትሰሩ "ክሊክ አለ" ብቻ ብላችሁ አትለፉ፣ ቀኑን፣ ሰአቱን፣ መሳሪያው የተጣለበትን ቦታ እያንዳንዱ ላይ ፃፉ፣ ምንም ያልተገኘበትንም ጭምር።