የኔታ ሲያርፉ፦ የጎንደር ለቅሶ አያያዝ

እኔ በሰፈራችን እድር ዕቃ ቤት ተረካቢ ነኝ። ድንኳኑም፣ አግዳሚውም፣ ትልልቁ ብረት ድስትም በእጄ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ጎንደር ላይ አንድ አባት ሲያርፉ ማን ከማን ጋር በምን እንደተኳረፈ ከእኔ አይሰወርም። አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን የንስሐ አባታቸው ወይም ያስተማሯቸው የኔታ ሲያርፉ «ምን እናድርግ?» እያሉ ይደውላሉ። በየስልኩ ከምደጋግመው ልጻፈው።

መጀመሪያ ስልካችሁን አስቀምጡ። ፎቷቸውን ፌስቡክ ላይ ለጥፋችሁ «ነፍስ ይማር» ከማለታችሁ በፊት መርዶው የደረሰው ለማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። የአብነት (የቤተ ክርስቲያን ትምህርት) መምህር ዘመዱ ሩቅ ነው። ጎንደር በዓታ ደብር የአቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚቀርበው ዜማ፣ ማስመስከሪያ (የመጨረሻ መመረቂያ) ስለሆነች ከጎጃምም ከወሎም ከሸዋም መጥቶ፣ ተምሮ፣ እዚሁ ወንበር ዘርግቶ (ማስተማር ጀምሮ) የቀረ ብዙ ነው። አገር ቤት እህት አለች፣ አንዳንዴ እናትም በሕይወት አለች። እሷ ልጇን ከጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ማየት የለባትም።

መርዶ ሰው ይዞት ይሄዳል። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ካህን፣ አንዲት ጠንካራ ሴት ይበቃሉ፤ ሴቲቱ የምትሄደው እናትየው ራሷን ስትጥል እንድትይዛት ነው። ማለዳ፣ ቤተሰቡ ለሥራ ሳይበተን ድረሱ። ደጅ ላይ ቆማችሁ አትናገሩ፤ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ አጠገቧ ያለውን እሳትና ድንጋይ ዞር አድርጉ። ከተረዳች በኋላም ወዲያው አትነሡ። ጎረቤት እስኪሰበሰብ፣ ልቅሶው እስኪበርድ አብራችሁ ተቀመጡ። ወደ ጎንደር የሚመጣ ዘመድ ካለ መኪናውን የሚያዘጋጁት መርዶ ነጋሪዎቹ ናቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው የቀብር ቦታ ነው፤ ትልቁ ጠብም እዚህ ላይ ነው። ዘመድ «አጥንቱ ከአባቶቹ ጋር ይረፍ» ይላል። ተማሪዎቹ «የኔታን ወስዳችሁ እኛን የት ትጥሉናላችሁ?» ይላሉ። የደብሩ ሰበካ ጉባኤም የራሱ ሐሳብ አለው። ሦስቱም እውነት አላቸው፤ ግን አስከሬን አጠገብ ቆሞ መከራከር ነውር ነው። ድንኳን ሳይተከል ሦስቱንም ወገን አንድ ክፍል አስገቧቸውና ኑዛዜ ይጠየቅ። የሚጠየቁት ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው፦ የእሳቸው የራሳቸው ንስሐ አባት፣ እና በሕመማቸው ጊዜ ሲያገለግላቸው የነበረው ደቀ መዝሙር። የተናገሩት ቃል ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ካልተገኘ የእኔ ሐሳብ ያስተማሩበት ደብር ይቀበሩ የሚል ነው። ዘመድ በዓመት አንዴ ይመጣል፤ ተማሪ ግን ኪዳን ለማድረስ ሲገባም ሲወጣም መቃብራቸውን ይሳለማል።

ግንዘቱ የካህናቱ ነው። አባት ካህን ከሆኑ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው፣ መነኩሴ ከሆኑ ቆባቸውን ደፍተው ነው የሚገነዙት። ቤተሰብ ሱፍ ልብስ ይዞ አይጋፋ። አዲስ አቡጀዴ፣ ጧፍና ዕጣን ካቀረባችሁ ድርሻችሁን ተወጥታችኋል። ለካህን ጸሎተ ፍትሐቱ ረዘም ይላል፤ አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ይገባል፣ ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራል። ከቤት ወደ ደብሩ ሲኬድም በመንገድ ላይ እየቆመ ምዕራፍ ይደረጋል፣ ማለትም በየቆመበት ጸሎት ይደርሳል። አስፋልት ላይ መኪና ስለተደረደረ «ቶሎ በሉ» እያላችሁ ካህናቱን አታጣድፉ፤ ይልቅ ከወጣቶቹ ሁለት ሦስቱን አስቀድማችሁ መንገድ አስይዙ። በሰሞነ ሕማማት ካረፉ ፍትሐት የለም፤ የሆሳዕና ዕለት ለሁሉም ተደርጓልና አትደንግጡ፣ ቄሱንም አትሟገቱ።

ማልቀስን በተመለከተ፦ አልቅሱ። «ለጻድቅ አይለቀስም» እያለ በየድንኳኑ ሰውን የሚገሥጽ ሰው አለ፤ እኔ አልሰማውም። ጌታም ለአልዓዛር አልቅሷል። የተከለከለው ፊት መንጨት፣ ደረት መድቃት፣ ተስፋ እንደሌለው ሰው መሆን ነው። ነጠላችሁን አዘቅዝቁ፣ ሙሾ የምታወርድ ካለችም ታውርድ፤ ካህናቱ ጸሎት ሲጀምሩ ግን ዝም ይባላል። እሷ ባትሰማ አጠገቧ ያለችው ክንዷን ነካ ታድርጋት። የቅኔ ተማሪዎች ለመምህራቸው ቅኔ ሲያቀርቡም እንዲሁ ዝም ይባላል። ግእዙ ባይገባችሁም ሽማግሌዎቹ «ይበል!» ሲሉ ጥሩ ቦታ እንደደረሰ ታውቃላችሁ። የፊታቸውን ፎቶ ማንሣት ግን፣ እባካችሁ፣ ይቅር።

ድንኳኑ ውስጥ የሚቀርበው ንፍሮ፣ ዳቦና ሻይ ነው፤ በቂ ነው። ስንዴውንና ሽምብራውን ማታ ለየብቻ ዘፍዝፉ፣ ጨው መጨረሻ ላይ ጨምሩ፤ ሽምብራው በደንብ ሳይበስል ከቀረ የሽማግሌዎቹን ጥርስ ትጨርሳላችሁ። እዝን ይዞ የሚመጣ ጎረቤት እንጀራውን የትኛው ቀን እንደሚያመጣ ተነጋገሩ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ቀን ሞልቶ ይሻግታል፣ በሦስተኛው ቀን ባዶ ሌማት ይቀራል። ከአዲስ ዓለም ሰፈር የሚመጡ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሁሌም ከቀብሩ በፊት ይደርሳሉ፤ መቀመጫቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር ነው፣ ዳር ላይ አይደለም። የእነሱ ሼህ ሲያርፉ ደግሞ ቀብሩ ቶሎ ስለሆነ፣ እንደሰማችሁ ነጠላችሁን አንሥታችሁ ውጡ። «ነገ እደርሳለሁ» ያለ ሰው የሚደርሰው ለድንኳኑ ብቻ ነው።

ለቅሶ ስትደርሱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። «እግዜር ያጥናችሁ፣ ነፍሳቸውን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን» በሉና ተቀመጡ። በምን እንደታመሙ፣ የትኛው ሐኪም ምን እንዳለ እየጠየቃችሁ ቤተሰቡን አታድክሙ።

ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፤ ቀኖቹ እነዚህ ናቸው፣ ቆጠራውን ለቄሱ ተዉት። ሁሉንም በድግስ ማክበር የለባችሁም፤ ለብዙው ቀን ፍትሐትና ለነዳያን ዳቦ ይበቃል። አርባው ላይ ተዝካር የሚወጣ ከሆነ ጠላው ከሁለት ሳምንት ቀድሞ መጠንሰስ አለበት። ጾም ላይ ከዋለ ሽሮ፣ ምስር፣ ስልጆ ነው፤ «በሬ ካልታረደ ምን ተዝካር ነው» የሚል ዘመድ ቢመጣ ወደ እኔ ላኩት።

አሁን ዋናው ነገር። ገንዘብ ይዋጣል፤ ከውጭም ይላካል። አብዛኛው ግን ፎቶ ለታተመበት ካኔቴራ፣ ለባነርና ለእብነ በረድ መቃብር ይሄዳል። እኔ ይህ ነገር ያንገበግበኛል። የኔታ ሲያርፉ ከማንም በላይ ወላጅ አልባ የሚሆነው ተማሪው ነው። ጎጆው ውስጥ ያለው አንድ ደበሎ (የሚለብሰው የበግ ቆዳ)፣ አንድ አኩፋዳ (የለመነውን የሚይዝበት ከረጢት)፣ ጥቂት በሶ ነው፤ ወንበሩን የሚረከብ መምህር እስኪገኝ ድረስ የሚያስጠናው ካጣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላ ደብር ይሄዳል። ጉባኤው፣ ማለትም የተማሪዎቹ ስብስብ፣ አንዴ ከተበተነ ማሰባሰቡ ከባድ ነው። ስለዚህ መዋጮው በደረሰኝ ይሰብሰብ፣ ከሰበካ ጉባኤ አንድ፣ ከንስሐ ልጆች አንድ፣ ከተማሪዎቹ አንድ ሰው ይያዙት፤ መጀመሪያ ለገብስና ለጤፍ፣ ቀጥሎ ጉባኤውን ለጊዜው ለሚይዘው ከፍ ላለው ደቀ መዝሙር፣ ከተረፈ ለመቃብሩ ይሁን። ካኔቴራ የፈለገ በራሱ ኪስ ያሳትም።

ቀብር መድረስ ላልቻላችሁም መንገድ አለ። አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ፓትርያርክ ከመሆናቸው በፊት የጎንደር ሊቀ ጳጳስ ነበሩ። ለዓመታት በስደት ኖረው በ2010 ዓ.ም. ተመለሱ፤ የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲያርፉ የተቀበሩት ግን አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። መሄድ ያልቻልን ነጠላችንን አዘቅዝቀን በየአጥቢያችን አለቀስን። እናንተም ባላችሁበት አገር ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሂዱ፣ ክርስትና ስማቸውን ለካህኑ ስጡ፣ ፍትሐት ይደረግላቸው። በዓለማዊ ስማቸው አይጸለይምና ስሙን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቃችሁ ያዙ።

የንስሐ አባታችሁ ከነበሩ ደግሞ አርባቸው ሳያልፍ ሌላ አባት ያዙ። «እንደሳቸው ያለ አላገኝም» ብላችሁ ዓመት አትቀመጡ፤ ቀኖና ጀምራችሁ ከነበረም ለአዲሱ አባት የቱ ላይ እንደደረሳችሁ ንገሯቸው፣ ከዚያው ያስቀጥሏችኋል።